ያረጀ ያፈጀ ማን ነው?

ቦሌ ውስጥ ስለ አንድ መኪና መጀመሪያ የሚጠየቀው «ደህና ትሄዳለች ወይ?» አይደለም። «ሞዴሏ ስንት ነው?» ነው። ዓመተ ምሕረቱ ከተነገረ በኋላ ቀሪው ፍርድ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ያለ እንደሆነ ባለቤቱ «ተመችቶታል» ይባላል፤ ዝቅ ካለ ከንፈር ይመጠጥለታል። ሽበት እናከብራለን የምንል ሰዎች ነን እኮ! ለሰው ሲሆን «ሽማግሌ ይናገር» እንላለን፤ ለቤት፣ ለመኪና፣ ለመጽሐፍ መደርደሪያ ሲሆን ግን ዕድሜ ወንጀል ነው።

ነገሩን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ገርጂ፣ እኔ ጊቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ዳስ ሥር አንዲት ቮልስ አለች። በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች፣ 1,300 ሲሲ፣ ባለ 6 ቮልት፣ ሞተሯ እንደ ዘመዶቿ ሁሉ ከኋላ። እሷን ማደስ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ገንዘብ ሲገኝ፣ ዕቃ ሲገኝ፣ የሚያግዙኝ አዛውንት ፎርማን ጉልበታቸው ደህና ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድ እንሠራለን። ጎረቤት ግን አያስችለውም። አንዱ «መምህር፣ ይቺን ነገር መቼ ነው የሚገላገሏት?» ይለኛል። ሌላው «ቁራሌው ሲያልፍ ልጥራልዎ?» ብሎ ይስቃል። ሦስተኛው፣ እሱ እንኳ አዛኝ ነው፣ «ቆይ ግን ጋሼ፣ ጡረታ አስጨነቀዎት እንዴ?» ሲል በቀስታ ይጠይቀኛል።

ይኸው ሦስተኛው ጎረቤቴ ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስት ልጅ አለው። የአክስቱ ልጅ ጋራዡ ውስጥ አንዲት የድሮ ሙስታንግ ለዓመታት ሲያድስ ቆይቶ ፎቶዋን ላከለት። ጎረቤቴ ፎቶዋን ለሰፈሩ ሁሉ አሳየ። «አቤት ትዕግሥት! አቤት ሙያ!» ተባለ። መቼስ ሙስታንግ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ገበያ ከወጣች ጀምሮ አሜሪካኖች እነ ፖንቲያክ ጂቲኦን ጨምረው «ጡንቸኛ» የሚሏቸውን መኪኖች እንደ ልጅ ነው የሚንከባከቡት። ደግ አደረጉ። የእኔ ጥያቄ አጭር ነው፤ ቨርጂኒያ ላይ ሙያና ትዕግሥት የተባለው ሥራ ገርጂ ሲደርስ ለምን እብደት ይሆናል?

ጡንቻ ለሌላት ለቮልስ ጠበቃ ልቁምላትና፣ ይቺ መኪና ለዚህ አገር ባዳ አይደለችም። የአስተማሪው፣ የነርሷ፣ የጸሐፊው መኪና ነበረች። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የተጫኑት ከእነዚያ ሁሉ ሮልስ ሮይሶች በአንዱ አልነበረም፤ በቮልስዋገን ነበር። «ያረጀ ያፈጀ» የተባለውን ሥርዓት ጭና የወጣችው እሷ ነች። ከእሷ በኋላ ስንት ሥርዓት መጣ፣ ስንቱ ሄደ! ዛሬ ደግሞ ተራው ደርሷት ራሷ «ያረጀች ያፈጀች» ተብላለች። በዓለም ላይ 21 ሚሊዮን 529 ሺህ 464 ከተመረተች በኋላ የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ፑዬብላ ላይ በሐምሌ 2003 (እ.ኤ.አ.) ከፋብሪካ ወጣች። ምርቷ ቢቆምም መለዋወጫዋ ዛሬም በየአገሩ ይሠራል፤ ለምን ቢባል፣ የሚጠግናት ሰው አላለቀም።

«ስድስት ዓመት ምን ስትሠራ?» ለሚለኝ መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው በመፍታት ነው። ሞተሯን ከካምቢዮዋ ጋር ያያያዙት አራት ቡሎኖች ብቻ ናቸው፤ እነሱ ከተፈቱና ሽቦዋና የቤንዚን ቧንቧዋ ከተላቀቁ ሁለት ጎልማሶች ያወርዷታል። ያስቸገረን ሞተሯ ሳትሆን ወለሏ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ አሲድ እየተንጠባጠበ ላሜራውን ይበላዋል። ቀድሞ የያዟት ሰዎች በተበላው ላይ ካትራሜ ደፍተው፣ ምንጣፍ አልብሰው፣ ውጭዋን ደግሞ ስቱኮ ለጥፈው ቀለም ቀብተዋታል። ከሩቅ ስትታይ ሙሽራ ነበረች። ምንጣፉ ሲነሳ ግን መሬቱ ይታያል!

ፎርማኑ ይህን አይተው «መምህር፣ ስቱኮ ውሸት ነው፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ካልወጣ አዲሱም ይበሰብሳል» አሉኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ቅርጽና ይዘት ስንት ሰሚስተር አስተማርኩ፤ እንዲህ አሳጥሮ የነገረኝ የለም። እስቲ ዙሪያችንን እንይ። ፊት ለፊቱ በመስታወት የተሸፈነ፣ ጓሮው ፍሳሽ የሆነ ሕንፃ ስንት አለ? በአምስት ዓመቱ ግድግዳው ሲሰነጠቅ በቀለም የሚሸፈነውስ? የመጠገን ባህል የሌለው ሰው አዲስ ነገር ቢሰጡትም ያው ነው፤ ለአዲሱም የሚያውቀው ስቱኮ ነው።

ባህሉ ከድሮም የለንም እንዳትሉኝ። አባቶቻችን ብራና ሲፍቁ ቀዳዳ ከወጣበት ቆዳውን አልጣሉትም፤ በክር ሰፍተው ጻፉበት። ዛሬም በየገዳሙ ያሉ መጻሕፍት ላይ ያ ስፌት ይታያል፤ ጽሕፈቱ ስፌቱን ዞሮ ይቀጥላል። የጎደለን መጠገን ሳይሆን ጠጋኙን ማክበር ነው። ይህ ደግሞ የቆየ በሽታችን ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ይዞ፣ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውን በሥራው እየጠራ የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናዋና አዋጁ እኩዮች ናቸው ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ መኪናውን ተቀበልን፣ አዋጁን ግን ገና አልተቀበልነውም። ልጁ ትምህርት አልገባው ሲል «ጋራዥ ነው የምትገባው!» እያለ የሚያስፈራራ አባት ቦሌ ውስጥ ሞልቷል። ያው አባት መኪናው መንገድ ላይ ስትቆምበት ግን በመጀመሪያ የሚደውለው ጋራዥ ለገባ ለሌላ ሰው ልጅ ነው።

የሥነ ጽሑፍ ሰው ነኝና ስለ ቋንቋውም ልናገር። የጋራዥ አማርኛ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ካቻቪቴ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከጣሊያን አፍ ወድቀው በአማርኛ ያደጉ ናቸው። ጣሊያን ሊገዛን መጥቶ ሄደ፤ ሙያውን ግን እነዚያ ቅባት የነካቸው እጆች ማርከው አስቀሩት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ እንደኔዋ ዓይነት ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል፣ በቆላ ልክ ቤንዚን ከተሰጠው ደግሞ ያጨሳል። ስለዚህ የካርቡራተሩ የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳ መጥበብ አለበት። ምን ያህል? ፎርማኑ በጆሯቸው ሰምተው ይናገራሉ። የቫልቩን ክፍተት፣ የአንድ ወረቀት ውፍረት የሚያህለውን 0.10 ሚሊ ሜትር፣ ጣታቸው ያውቀዋል። ይህን ከሳቸው ማን ተማረ? ማን ጻፈው? ማንም! የእኔ ትልቁ ሥጋት ቮልሷ አትነሳም ብዬ አይደለም። እሷስ ትነሳለች። እሷን የሚያነሱ ሰዎች ተራ በተራ ማለፋቸው ነው።

አሁን ወደ ሹማምንቱ ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለች መኪና ከውጭ ስትገባ ታክሷ ከዕድሜዋ ጋር እንዲያድግ አደረገ፤ ከሰባት ዓመት በላይ በሆኑት ላይ እስከ 500 በመቶ ደረሰ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። የጭሱን ምክንያት እረዳለሁ፤ የውጭ ምንዛሪውንም እረዳለሁ፤ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላትም አይደለሁም። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ፣ አገር ውስጥ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ ማለት ነው። ብዙ ዓመት የሚነዳ ነገር ጠጋኝ ይፈልጋል። ታዲያ መግባትን የከለከለ እጅ ጥገናን ለማስፋፋት ምን አደረገ? የአሮጌውን በር ዘግቶ የጠጋኙን በር አለመክፈት ምን ይባላል? ኤሌክትሪኳስ ብትሆን ባትሪዋ የደከመ ቀን ማን ይከፍታታል? ዛሬ ካርቡራተር የሚፈታን ሰው የናቀ ከተማ ነገ ባትሪ የሚፈታ ሰው ከየት ያመጣል?

«አሮጌ መኪና ሰው ይገድላል» የሚል አለ። እውነት አለው፤ የቮልስ የጥንት ፍሬን የዛሬውን መንገድና የዛሬውን ነጂ አስቦ አልተሠራም። ለዚህ ነው የእኔዋ ፍሬን ተፈትቶ፣ ጎማዎቹና ቧንቧዎቹ ተቀይረው፣ ተፈትሾ ካልጸደቀ ከጊቢ የማትወጣው። ነገር ግን ገዳዩ ዕድሜ ሳይሆን ቸልታ ነው። ፍሬኗ ያለቀ የአምስት ዓመት መኪና ከታደሰች የስድሳ ዓመት መኪና ትብሳለች። ጀርመኖች ይህን ለይተውታል። 30 ዓመት ያለፋትና በወጉ የተያዘች መኪና ባለሙያ መርምሮ ካጸደቃት ልዩ የቅርስ ታርጋ ይሰጧታል። የሚመዘነው ሁኔታዋ ነው፤ ልደቷ ብቻ አይደለም።

«ሰው ዳቦ ባጣበት አገር ቅንጦት ነው» የሚልም አለ። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ አልሸሸውም። ገንዘቡ ግን የት እንደሚሄድ እንይ። አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ገንዘብ አብዛኛው ዶላር ሆኖ ባሕር ይሻገራል። የእኔ ስድስት ዓመት የሄደው ለባቲላሜራው፣ ለቶርኖ ሠራተኛው፣ ለወንበር ሰፊው፣ ለቀለም ቀቢው፣ ሶማሌ ተራ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ለሚውለው ልጅ ነው። ሁሉም እዚሁ ከተማ ዳቦ ገዙበት። የትኛው ነው ቅንጦቱ?

ሌላም ነገር እያጣን ነው፤ ጓሮ። የቀድሞው ቦሌ ቪላ ጊቢ ነበረው፤ በጊቢው አንድ ጥግ የሚፈታ የሚገጠም ነገር አይጠፋም ነበር፤ ልጆችም ቁልፍ እያቀበሉ ሙያ ይሰርቁ ነበር። ዛሬ ቪላው ፈርሶ ባለ አሥር ፎቅ ሆኗል። ሰሚት፣ ጎሮ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ወጣት ብስክሌቱን የሚፈታበት ቦታ እንኳ የለውም። ሰው ቤት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን በየብሎኩ አጠገብ አንዲት የጋራ ዳስ፣ አንድ ሞርሳ፣ አንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ስንት ያስወጣ ነበር? ለመኪና ማቆሚያ ቦታ አልጠፋም፤ ለመጠገኛ ግን ጠፋ።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የመኪናን ሁኔታ በእውነት ይመርምር፤ በወጉ የታደሱ የድሮ መኪኖችም የራሳቸው ታርጋ ይኑራቸው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች እነዚህን ሽማግሌ ፎርማኖች ዲግሪያቸውን ሳይጠይቁ ክፍል ያስገቧቸው፤ ቃላቸው ይቀዳ፣ ይጻፍ። በየአዲሱ መንደርም የጋራ መጠገኛ ቦታ በፕላኑ ላይ ይመልከት። አንዳቸውም ቢሊዮን አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጠጋኝን ሰው ብሎ መቁጠር ነው።

ለጎረቤቶቼም መልስ አለኝ። ቁራሌውን አትጥሩብኝ። ይልቅ ልጆቻችሁን ቅዳሜ ከሰዓት ላኩልኝ፤ ፎርማኑ ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ ይፈልጋሉ። «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» ይላል ያገሬ ሰው። ያለውን መያዝ ያላወቀ፣ አዲሱንም ይቀማል።