የግቢያችን ቆጣሪ

በደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ሁሉ የጋራ ቆጣሪ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ቤት አለ፤ በአምስቱም ቤት አምስት ዓይነት ኑሮ አለ፤ በዋናው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ቆጣሪ ግን አንድ ብቻ ነው። ወር ደርሶ ሒሳቡ ሲመጣ እያንዳንዱ ተከራይ የራሱን ትቶ የጎረቤቱን መስኮት መመልከት ይጀምራል። እኔም የምኖረው እንደዚህ ባለ ግቢ ነውና የዛሬው ጨዋታዬ ከሩቅ የመጣ አይደለም።

ባለፈው ወር የመብራቱ ሒሳብ ከወትሮው ከፍ ብሎ መጣ። አከራያችን እትዬ ወረቀቱን ይዘው በረንዳ ላይ ወጡና ተከራዩን ሁሉ ጠሩ። እኚህ ሴት ደግ ናቸው፤ በዓል ሲሆን ጠላቸውን ሳያቀምሱን አይውሉም፤ በገንዘብ ነገር ግን ዋዛ አያውቁም። ሒሳቡን ለአምስት ከፍለው ከነገሩን በኋላ ጣታቸውን ወደ ጥጉ ክፍል ቀሰሩ። «ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያበራ ሰው እያለ እንዴት አይጨምር!» አሉ።

በዚያች ክፍል የሚኖረው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የመጣው ከገጠር ሲሆን በየሳምንቱ ወደ ቤተሰቡ እየሄደ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። አባቱ የክፍሏን ኪራይ የሚከፍሉት ጤፍ ሸጠው ነው፤ በቤታቸውም የኤሌክትሪክ መብራት የለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምን ያህል እንደከበደ አንባቢ ያውቃል፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። ልጁ የሚያመሸው ከጥቂቶቹ አንዱ ለመሆን ነው። ቢሆንም እትዬ፥ «አንተ ልጅ፥ ከእንግዲህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መብራትህን አጥፋ፤ አይሆንልኝም ካልክ ቤቴን ልቀቅልኝ» አሉት። ልጁም «እሺ እትዬ» ብሎ አንገቱን ደፋ። በዚያን ዕለት ሌሊት በመስኮቱ ያየሁት የሻማ ብርሃን ነበር።

አንባቢዬ ሆይ፥ እውነቱን ልናገርና እኔ የማስተምረው ፊዚክስ ነው። አንዲት አምፖል ስንት ኃይል እንደምትበላ ከግቢው ሰው ሁሉ ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ለመናገርም አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የማርቆስን ብርድ የሚያውቅ አይፈርድብኝም፤ ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ሳርም ክፍሌን ለማሞቅ ስቶቭ እሰካለሁ። ነገሩ ሲመረመር ወደ እኔ እንዳይዞር ፈራሁ። ሻማውን ካየሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ደብተርና እርሳስ ይዤ ከቤት ወደ ቤት እየዞርኩ በየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን የዋት ቁጥር መዘገብኩ። ሒሳቡ ለማንም የሚከብድ አይደለም። በዕቃው ላይ የተጻፈው ዋት ዕቃው በሠራበት ሰዓት ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል፤ መብራት ቤት የሚያስከፍለንም በዚህ መለኪያ ነው። የተማሪው አምፖል 9 ዋት ነው። በየሌሊቱ አራት ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን የሚበላው 1,080 ዋት ሰዓት፥ ማለት ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው። የእትዬ የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ 3,500 ዋት ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ቀን እንጀራ የተጋገረበት ኃይል የልጁን አምፖል ከስድስት ወር በላይ ያበራል ማለት ነው!

የራሴን ስቶቭ መጨረሻ ላይ ጻፍኩት። 1,000 ዋት ነው፤ በየማታው ሦስት ሰዓት ይሠራል፤ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት። ልጁን ለሻማ የዳረገው ሒሳብ የማን እንደነበረ ከዚህ ወዲያ መደበቅ አልተቻለም። ከተማሪው ሰማንያ እጥፍ የምበላ እኔ ነበርኩ።

ደብተሬን ይዤ ወደ እትዬ ዘንድ ሄድኩና ቁጥሩን አነበብኩላቸው። «መምህር፥ ይኸ የወረቀት ነገር ነው» ብለው አላመኑኝም። እኔም የግቢውን ሰው ለምኜ ዕቃ ሁሉ እንዲነቀል፥ መብራትም ሁሉ እንዲጠፋ አደረግሁ። የግቢያችን ቆጣሪ ከአዲሶቹ ነው፤ የሚሽከረከር ሳሕን የለውም፥ ትንሽ ቀይ መብራት ግን አለችው። ፊቱ ላይ እንደተጻፈው ያች መብራት 1,600 ጊዜ ስትጠቅስ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይሞላል። በመጀመሪያ የተማሪው አምፖል ብቻ በራ። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆጣሪው ፊት ቆሙ። አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ «ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉ። አራት ደቂቃ ካለፈ በኋላ ቀዩዋ መብራት አንድ ጊዜ ጥቅስ አለች። ቀጥሎ ምጣዱ ተሰካ። መብራቲቱ አቧራ እንደገባበት ዐይን ትርገበገብ ጀመር። እትዬ ጥቂት ሲመለከቱ ቆይተው፥ «ለካስ ሌባው እንጀራዬ ኖሯል!» አሉና ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስቶቤን አምጥቼ ሰካሁ፤ ጥፋቴንም በሰው ፊት ተናገርኩ። ተማሪው ግን ያን ጊዜም መሬት መሬቱን ያይ ነበር፤ መምህሩ ሲያፍር ማየት የከበደው ይመስለኛል።

ምጣድን ከቤት ማውጣት አይቻልም፤ እንጀራ ሳይበላ የሚኖር የለምና። ነገር ግን ምጣድ ሊጥ ሳይፈስበት ለመሞቅ ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል ይሠራል፤ በዚያን ጊዜም ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። በግቢያችን ሦስት ቤቶች በሳምንት ሁለት ሁለት ቀን፥ ሁሉም በየራሱ ቀን ይጋግሩ ነበር። ምጣዱ በሳምንት ስድስት ጊዜ ከቀዝቃዛ ይነሣል ማለት ነው። ሦስቱም በአንድ ቀን፥ አንዱ ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለ ቢጋግሩ ማሞቂያው ሁለት ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ በወርም 20 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋል። ይኸ ለተማሪው አምፖል የአንድ ዓመት ተኩል ቀለብ ነው። እትዬ በሐሳቡ ተስማሙ። ከሦስቱ አንዷ ጎረቤታችን ግን ሊጣቸው ቶሎ እንደሚኮመጥጥ ተናግረው እምቢ አሉ። ሊጥ የሰው ቀጠሮ አይጠብቅምና ሁለቱ ቤቶች ብቻ ጀምረዋል።

የድስቱ ነገር ደግሞ ለኛ ለደጋ ሰዎች የተለየ ነው። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጫና ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በጅቡቲ ወደብ እንደሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ባቄላና ሽንብራ በኛ አገር አልበስል ብሎ የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ እሳቱን ይጨምራል። ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ ወዲያ ግን እሳት ቢጨመርበት በእንፋሎት ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ይልቅስ እህሉን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር፥ ድስቱን መክደን፥ ሲፈላም እሳቱን መቀነስ ይሻላል። እንፋሎት አፍኖ የሚያበስለው ድስት ያለው ደግሞ ጫናውን ስለሚመልስ ከዚህ ሁሉ ይገላገላል። ዋጋው ለወር ደመወዝተኛ የሚቀመስ ባይሆንም ሁለት ሦስት ጎረቤት ተባብሮ ሊገዛው ይችላል። በእንጨት ለሚጋግር ደግሞ ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ የተባለው ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እስከ ግማሽ ማገዶ ያድናል፤ ለከሰልም ላቀች የተባለው ምድጃ አለ።

ይህን ሁሉ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ወዳጄ ሳጫውተው ሳቀብኝ። «የአባይ ግድብ ተመርቆ ስለ አንድ አምፖል ታወራለህ?» አለኝ። እውነት ነው፤ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 11 ሜጋዋት ያህል ብቻ እንደነበረ ለሚያስብ ሰው ይኸ ትልቅ ነገር ነው። ከጮቄ ተራራ ወርዶ በከተማችን አጠገብ የሚያልፈው የጨሞጋ ውሃም ወደ አባይ የሚገባ በመሆኑ ከግድቡ ድርሻ አለን ብንል ሐሰት አይሆንም።

የወዳጄ ሙግት ግን ሁለት ነገር ረስቷል። አንደኛ፥ ኃይል በግድቡ ቢበዛ ሒሳቡ የሚወጣው ከኛ ኪስ ነው። የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል፤ ብዙ የሚጠቀምም ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ዋጋ ትንሽ ከሚጠቀመው ይበልጣል። ሁለተኛ፥ መብራታችን አብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ስለሆነ ዝናብ ሲያንስ አብሮ ያንሳል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ቀንሶ በመላ አገሪቱ መብራት በፈረቃ ሲታደል ተማሪው በምን ብርሃን እንዳጠና የምናስታውስ ነን። የልጁ አባት ቤት ደግሞ ገና ፈረቃም አልደረሰውም።

ስለ ውሃ ያለኝ ወሬ የሚያኮራ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፥ ስሙ ይቅር፥ ሌት ተቀን የምታንጠባጥብ ቧንቧ አለች። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ግማሽ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ከሥሯ አስቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። በስድስት ደቂቃ ሞላ። በሰዓት አምስት ሊትር፥ በቀን 120 ሊትር፥ ማለት ስድስት ጀሪካን ይፈሳል ማለት ነው። በዚያው ሰሞን በኛ ሰፈር ቧንቧ ጠፍቶ እናቶች ጀሪካን አሰልፈው ነበር። የቧንቧዋ በሽታ ውስጧ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ማለቋ ነው። ላስቲኳን ለመግዛት መጠየቂያ ይሞላል፤ መጠየቂያው ይፈረማል፤ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ዋጋ ይሰበሰባል። ገዝቼ ልስጥ ብል «የመንግሥት ዕቃ በግል አይነካም» ተባልኩ። በቤታችን ለአንዲት አምፖል ስንጣላ፥ በመሥሪያ ቤት ሰው በሌለበት ክፍል መብራት በቀን ሲበራ፥ ኮምፒዩተርም ከዓርብ እስከ ሰኞ ተከፍቶ ሲያድር ዝም የምንለው ሒሳቡ በስማችን ስላልመጣ አይደለምን? ለጊዜው ከቧንቧዋ ሥር ባልዲ አስቀምጠን በጽዳት ሠራተኞቹ እጅ ለችግኝ ይውላል።

ከሰማይ የሚወርደውንስ ማን ከለከለን? በማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። 50 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ብቻ 65,000 ሊትር ይሆናል፤ ከሦስት ሺህ ጀሪካን በላይ ማለት ነው። ሁሉን መያዝ አይቻልም፤ ያም ሆኖ አንድ አሸንዳና አንድ በርሜል ያለው ግቢ ክረምቱን ለልብስና ለወለል ማጠቢያ ቧንቧ አይከፍትም። ለመጠጥ ግን አይሁን፤ የመጀመሪያው ዝናብም የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ይፍሰስ። እትዬ አሸንዳውን ለማሠራት ቃል ገብተውልኛል፤ ወጭውን ግን ለአምስት ይካፈላል ብለዋል።

ስቶቤን በጋቢ ለውጬዋለሁ። እጄ እየቀዘቀዘ የማርመው የተማሪ ደብተር መልኩ እንዳላማረ አልክድም። የዚህ ወር ሒሳብ ገና አልመጣም። ትናንት ማታ አምስት ሰዓት ላይ ለውጭ ጉዳይ ስወጣ በጥጉ ክፍል መስኮት ብርሃን ነበረ። በበረንዳው ላይ ደግሞ እትዬ ጋቢ ተከናንበው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ምን ያደርጋሉ ብዬ ብጠጋ ቆጣሪዋ ስንት ጊዜ እንደምትጠቅስ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።