እግሩን የሰጠ ሰው ለምን ይለምናል?

ቁስለኛ ሲመጣ እንሯሯጣለን። ደም እንለግሳለን፣ ብርቱካንና ሙዝ ይዘን አልጋ ለአልጋ እንዞራለን፣ ካሜራ ፊት «ጀግናችን» እንላለን። ሐኪሙ «ድነሃል» ብሎ የመውጫ ወረቀቱን ሲፈርምለት ግን አንዳችንም የለንም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው!

ታላቅ ወንድሜ መጋቢት 1980 አፋቤት ውጊያ ላይ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። ነርሷ ፋሻውን ስትፈታለት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ጨርቁ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ በጨው ውኃ እያራሰች ቀስ በቀስ ታላቅቀዋለች፤ እሱ ትራሱን ነክሶ ዝም። ሌሊት ደግሞ የሌለው እግሩ ጣቶቹን ይበላዋል። «እስቲ እከኪልኝ» ይለኛል። ምኑን ልከክለት? ቅዠት እንዳይመስላችሁ፤ ሕክምና የሚያውቀው፣ ዓመታት ሊቆይ የሚችል ሕመም ነው።

ሰው ሠራሽ እግር ሲገጠምለት ቤቱ እልልታ በእልልታ ሆነ። ምን ዋጋ አለው! የተቆረጠው እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት እብጠቱ ይወርዳል፣ ይከሳል፤ ልኩ የነበረው ይሰፋዋል፣ ይፍቀዋል፣ እንደገና ያቆስለዋል። ወንድሜ ካልሲ በካልሲ ላይ ደራርቦ ነበር የሚራመደው። በዚህ ላይ ግንቦት 1983 መጣ፤ ደርግ ወደቀ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ፤ እሱም «የደርግ ወታደር» ተባለና የሄደበት ቢሮ ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ሲዘምት የአገር ልጅ ነበር እኮ!

ዛሬም ያንኑ ልንደግም ነው። ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ወደ ሰላማዊ ኑሮ እመልሳቸዋለሁ ያላቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ከ370 ሺህ በላይ ናቸው። መቀሌ ይሁን ጎንደር፣ ባሕር ዳር ይሁን ሰመራ፣ ክራንች የተደገፈ ወጣት ከየት ግንባር እንደመጣ የሚጠይቅ ባለሥልጣን ማየት አልፈልግም። ቁስል ወገን የለውም።

ሰው ሠራሽ እግር በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣል። በ20 ዓመቱ እግሩን ያጣ ልጅ ዕድሜ ከሰጠው አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። የሚለካለት ባለሙያ፣ ወደ ማዕከሉ የሚያደርሰው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ሌሊት ሲባንን የሚያዋራው ሐኪም ያስፈልገዋል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ ከጥይቱ እኩል በበጀቱ የማይዝ መንግሥት የእናት ልጅ ለጦርነት አይጥራ።