ከባለሱቁ ሂሳብ ማን ይቀንስ?

የደገሀቡር ባለሱቅ ከጅጅጋ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ዕቃ ሲያነሳ ዋስትናው መተዋወቅ ነው። ቀኑ ሲደርስ ይልካል፤ ካልሞላለት ደውሎ ቀን ይጠይቃል። ይህቺን ስልክ ልብ ይሏል።

ብሔራዊ ባንክ በ2003 ዓ.ም. ያስጀመረው የባንኮች አውቶማቲክ የገንዘብ ማስተላለፊያ ሥርዓት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ትልልቅ ክፍያን አንድ በአንድ ወዲያው ያወራርዳል። ሁለተኛው ትናንሾቹን በጥቅል ሰብስቦ፣ ባንኮች እርስ በርስ የሚፈላለጉትን አቻችሎ፣ ልዩነቱን ብቻ ያስከፍላል። ደመወዝ፣ ኪራይና ወርሃዊ የዱቤ ክፍያ ቦታቸው እዚህ ነው።

በእንዲህ ያለው የጥቅል አሠራር ከፋዩ አስቀድሞ ከፈቀደ፣ ተቀባዩ ራሱ ገንዘቡን ከከፋዩ ሂሳብ ሊስብ ይችላል። ለጅምላ ሻጩ እሰየው ነው። ባለሱቁ ግን ያቺን ስልክ ያጣል። ዝናብ ዘግይቶ፣ ከብት ሳይሸጥ፣ ሂሳቡ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ቅጣቱ ወለድ ከሆነ የዚህ አገር ነጋዴ አይነካውም፤ ሸበሌ ባንክም ከወለድ ነፃ ሆኖ የተቋቋመው ያለ ምክንያት አይደለም።

በእንግሊዝ አገር በስህተት የተቀነሰን ገንዘብ ባንኩ ወዲያው ሙሉ በሙሉ ይመልሳል፤ ደንበኛውም ፈቃዱን በፈለገ ጊዜ ይሰርዛል። ባንኮቻችን ነጋዴውን ፈርም ከማለታቸው በፊት ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡት። ከመቀነሱ ሦስት ቀን ቀደም ብሎም በሶማሊኛ መልዕክት ይድረሰው፤ ካልተመቸው ያግደውና እንደ ልማዱ ጅጅጋ ይደውል።