የገናው ማዕድ በስንት ሰዓት ይቅረብ?

ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ምርጫ ሲጽፍ የኖረ ሰው ድንገት ተነሥቶ «የገና ዶሮ በስንት ሰዓት ይበላ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንባቢ «ይህ ሰው የሚጽፈው አለቀበትን?» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን ውድ አንባብያን፣ ሥልጣን በቤተ መንግሥት ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። የሌላውን ሰው እንቅልፍ፣ ጸሎትና ጉርሻ በራሱ ሰዓት የሚወስን ሁሉ ሥልጣን አለው። በዚህ ሚዛን ከተለካ እያንዳንዳችን በየጓዳችን ትንሽ መንግሥት አለን። የዚያ መንግሥት ጠባይ ደግሞ እንደ በዓል ሌሊት ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ጊዜ የለም።

እንደሚታወቀው የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ቀን ገብቶ ከገሃዱ ጋር 44 ቀናት ይጾማል። በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ቀድሞ ይገባል፤ ልደትም በታኅሣሥ 29 ፋንታ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። የልደት ቅዳሴ በሌሊት የሚቀደስ በመሆኑ ምእመኑ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ነው። ጉለሌ ያደግን ሰዎች ያን ሰዓት በቆዳችን እናውቀዋለን። ከእንጦጦ የሚወርደው የታኅሣሥ ብርድ ፊት ይቆርጣል፤ ከሩፋኤል የሚመለሰው ሕዝብ ነጠላውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ከየአጥሩ ሥር የቅቤና የበርበሬ ሽታ ይቀበለዋል። ቤት ሲደርስ ማዕዱ ተዘርግቷል። የተኙ ሕፃናት ይቀሰቀሳሉ። አባወራው ፈረሰኛውን ያነሣል። ጾም ተፈታ፣ ገና ሆነ።

እኔም ከአርባ ዓመት በላይ ገናን በዚህ መልክ ሳከብር ማዕዱን ማን እንደዘረጋው ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ሌሊት በጓዳ በኩል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በበዓሉ ዋዜማ ቁርጭምጭሚቴ ወልቆ ቤት ቀረሁ። ቤተሰቡ ሁሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና ከወሎ መጥታ ከእኛ ጋር ስትኖር አራት ዓመት የሞላት የቤት ሠራተኛችን ብቻ ነበርን። እኔ ሳሎን ተጋድሜአለሁ፤ እርሷ ጓዳ ናት፤ በሩ ገርበብ ብሏል።

ሽንኩርቱን ከቀትር ጀምሮ ስታቁላላ ነበር። ዶሮውን ገነጣጥላ በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባለች። 4 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ድስቱን ከኤሌክትሪክ ምድጃው አንሥታ ከሰል አያያዘች። ከዚያ በኋላ ለሰዓታት የሰማሁት ማማሰያው የድስቱን ጎን ሲነካ፣ ከሰሉ ሲራገብ፣ የእንቁላል ቅርፊት ሲሰነጠቅ ብቻ ነው። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ የቅዳሴው ድምፅ በነፋስ ተሸክሞ ሲደርስ ግን የጓዳው ድምፅ ቆመ። ቀና ብዬ አየሁ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ በሽንኩርት ልጣጭና በከሰል ከረጢት መካከል ትሰግዳለች።

«ማስቀደስ ትፈልጊ ነበር?» አልኋት።

«ድስቱን ማን ይጠብቀዋል ጋሼ?» አለችኝ።

ምሬት አልነበረባትም። የጠየቅሁትን ጥያቄ ሞኝነት ብቻ ነው በዐይኗ ያየሁት። በዚያ ቤት ውስጥ ጾሙን ከማናችንም አብልጣ የጾመች እርሷ ነበረች፤ እኔ ራሴ በመሥሪያ ቤት ግብዣ ሰበብ ሁለት ጊዜ አፍርሻለሁ። ሰዎቹ ተመለሱ፤ ተበላ። አልደብቅም፣ እኔም በላሁ፣ ደግሞም ጣፈጠኝ። ሁሉም ሲተኛ እርሷ ዕቃ ታጥብ ነበር። ንጋት 12 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው እንኳን አደረሳችሁ ባይ ጎረቤት በሩን ሲያንኳኳ ቡና ለማቅረብ ከሰል እያቀጣጠለች፣ በአንድ እጇ እንጀራ ይዛ፣ ቆማ ትጎርስ ነበር። የደረሳት አንገትና ክንፍ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

«ይህ የአንድ ቤት ነውር እንጂ የፖለቲካ ጉዳይ አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። እስቲ ወደ ሕጉ እንሂድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛ ክፍያው እጥፍ እንዲከፈለው ያዝዛል። በገና ሌሊት በር የሚጠብቅ የፋብሪካ ዘበኛ ይህ መብት አለው። በቤት ውስጥ የግል አገልግሎት የምትሰጠዋን ግን አዋጁ በሌላ ቦታ አስቀምጧታል፤ የሥራ ሁኔታዋን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንደሚወስን ተናግሮ አለፋት። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ያንኑ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። አዋጅ በአዋጅ ሲተካ ተስፋው እንዳለ ተገለበጠ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ብናይ፣ ከአሠሪው ጋር የሚኖር ሠራተኛ ጤናው እንዲጠበቅ ስለ መኝታው፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ሥራና ስለ ዕረፍቱ ሰዓት አሠሪው እንዲያስብ ያዝዛል። የሕግ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ይህን የሚያውቅ አባወራ ግን አላጋጠመኝም።

ሰኔ 2012 ዓ.ም. አካባቢ በቤይሩት ያሉ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ሁላችንም ተቆጣን። ቁጣችን ትክክል ነበር። ነገር ግን ያን ምስል በስልካችን እያየን ስንቆጣ ሻይ ያቀረበችልን ማን ናት? ስንት ሰዓት ላይ ተኝታ ስንት ሰዓት ላይ ተነሣች?

ቤተ ክርስቲያን ሰዓት ወስናለችን?

እናቴ የምትለኝን አውቃለሁ። «ልጄ፣ ጌታ የተወለደው በሌሊት ነው። ከቅዳሴ መልስ ያልተበላ ገና ምኑን ገና ሆነ?» ትላለች። ሙግቷን አልንቀውም። ሥርዓቱ የሚያዝዘው ግን ከቅዳሴ በፊት ጾም እንዳይፈታ ነው፤ ድስት ሙሉ ዶሮ በሌሊት 9 ሰዓት ይለቅ የሚል ትእዛዝ የለም። እንዲያውም ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ ልደትና ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውሉ እንዲበላ ይፈቅዳል። በ2018 ዓ.ም. ገና ረቡዕ ውሎ ሁላችንም በልተናል። የረቡዕን ጾም የሚያህል ነገር ለበዓሉ ደስታ ቦታ ከለቀቀ፣ የእኛ የቤት ልማድ ለአንዲት ሴት ጸሎትና እንቅልፍ ቦታ መልቀቅ እንዴት ያቅተዋል?

የሌላውም ዓለም ልማድ አንድ ዓይነት አይደለም። ፖላንዶች በዋዜማው የመጀመሪያዋ ኮከብ ስትታይ ማዕድ ይቀመጣሉ። ፈረንሳዮች ከእኩለ ሌሊት ቅዳሴ በኋላ የሚበሉት ማዕድ ከእኛ ጋር ይቀራረባል። እንግሊዞች በቀትር ይበላሉ። የገዛ ወገኖቻችንም በዋሽንግተን ሰዓቱን ለውጠውታል፤ እኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስንጎርስ በእነርሱ ዘንድ ገና የዋዜማው ምሽት 1 ሰዓት ነው። በማግሥቱ ሥራ የሚገቡት ብዙዎቹ ማዕዱን ወደ ቅዳሜ ወይም ወደ እሑድ ያሻግሩታል። ገናቸው ገና ከመሆን አልቀረም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ የራሳችን የገና ጨዋታ ነው። ከጉለሌ ብዙም በማይርቀው ጃንሜዳም ሆነ በየገጠሩ ሜዳ፣ በዚያች ከሰዓት በኋላ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሩር ይሯሯጡ ነበር። ሎሌው ቢገፋው፣ በገናው ዱላ ቢመታው፣ ጌታው መቆጣት ነውር ነበር። አባቶቻችን በሜዳ ላይ በዓመት አንድ ቀን የፈቀዱትን እኩልነት እኛ የተማርነው በማዕድ ላይ ነፈግነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ወጡ በዋዜማው ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ተሠርቶ ይለቅ። ዶሮ ወጥ ሲያድር እንደሚጣፍጥ ለማንም ባለሙያ አይነገርም። ከሰሉ ይጥፋ፤ ማስቀደስ የሚፈልግ ሁሉ ይሂድ፤ ቤት መጠበቅ የግድ ከሆነ በተራ ይሁን፣ ተራውም ከአባወራው ይጀምር። ከቅዳሴ መልስ እያንዳንዱ በገዛ እጁ ጥቂት ጾም መፍቻ ቀምሶ ይተኛ። ከ44 ቀን ሽሮና ምስር በኋላ በሌሊት በቅቤ የራሰ ወጥ ጠግቦ መተኛት ለጨጓራም ወዳጅ አይደለም። ትልቁ ማዕድ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይቅረብ። በዚያ ሰዓት ሌሊቱን በሆስፒታል ያደረችው ነርስ ትደርሳለች፤ ዘበኛው ተረኛውን ይለቅቃል፤ ሕፃናትም በዐይናቸው ነቅተው ይበላሉ። ያበሰለችው ትቀመጥ፤ ፈረሰኛውን የበላ ዕቃ ይጠብ።

ሐሳቡን መጀመሪያ ያቀረብኩት ለእናቴ ነበር። «በዓሉን ልታቀዘቅዘው ነው» አለችኝ። እኔም «አንቺስ እማዬ፣ በወጣትነትሽ ስንት ገና አስቀደስሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ነጠላዋን እያስተካከለች ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «እናንተ እስክታድጉ ድረስ አንድም» አለች። ይህን ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ለካ ያ ድስት ከእርሷ ወደዚያች ልጅ የተሻገረ እንጂ ከዚያች ልጅ የጀመረ አልነበረም። እናቴ ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓቱ አልተከራከረችኝም፤ ብቻ ከቅዳሴ መልስ አንዲት እንቁላል እንዳትከለከል ቃል አስገባችኝ።

እነሆ ሁለት ገና እንዲህ አከበርን። የመጀመሪያው ዓመት አልተሳካም ብል ይቀልላል። ልጅቱ ከቅዳሴ ተመልሳ ከእኛ ጋር ማዕድ ብትቀርብም ቀና አላለችም፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ «ቡና ልይ» ብላ ተነሣች። የብዙ ዘመን ልማድ በአንድ ሰዓት ለውጥ እንደማይነቀል ያን ዕለት ተማርሁ። በሁለተኛው ዓመት ሽንኩርቱን ያቁላላሁት እኔ ነበርኩ። ማዕድ ላይ እንደተቀመጥን «ጋሼ፣ ጨው አንሶታል» ያለችው እርሷ ናት። እውነቷን ነበር፤ አንሶታል።

ደንቡን እስኪያወጣልን መንግሥትን የምንጠብቅ ከሆነ ብዙ ገና ያልፋል፤ ይውጣ ብሎ መጠየቅ መብታችንም ግዴታችንም ነው። የገዛ ቤታችንን ሰዓት ለመለወጥ ግን የማንም ፊርማ አያስፈልግም። በሚመጣው ዋዜማ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ከበር ስትወጡ አንድ ጊዜ ወደ ጓዳ መለስ ብላችሁ ተመልከቱ፤ እዚያ የቀረ ሰው ካለ ድስቱን አውርዱና አብራችሁ ሂዱ።

ቸር ይግጠመን።