የውሰት መንገድ



የቢስክሌት ውድድር መነሻ መስመር አለው፤ መድረሻ መስመርም አለው። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚሆነውን ሁሉ ዳኛ ይቆጣጠረዋል፤ ተመልካች ያየዋል፤ ጋዜጠኛም ይጽፈዋል። ከመነሻው በፊትና ከመድረሻው በኋላ ያለውን ጉዞ ግን ማን ያየዋል? የሚያየው በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ ነው። ዛሬ ልናነሣው ያሰብነው ይህንኑ ዳኛ የሌለውን ጉዞ ነው።

ከኮልፌ አጠና ተራ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና ባለው መንገድ ላይ ጧት በማለዳ ቆሞ የተመለከተ ሰው የምንለውን አያጣውም። ወደ ውድድር የሚሄደው ጎረምሳ ሰዓቱ ረፍዶበታል። ቀይ መብራት በርቶ መኪናው ሁሉ ሲቆም እርሱ በመካከል ተሹለክልኮ ያልፋል። ዳገት ሲገጥመው የአይሱዙ ጀርባ ይዞ እየተጎተተ ይወጣል። ከጓደኞቹ ጋር የሆነ እንደሆነ ደግሞ ሦስትና አራት ሆነው ጎን ለጎን እየተጨዋወቱ መንገዱን ይዘጉታል። ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩንባ ቢነፋ መልሱ ግልምጫ ነው።

መመለሻው ከመሄጃው ይብሳል። ያሸነፈው በደስታ፣ የተሸነፈው በንዴት ይነዳል፤ ለመንገደኛው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ከኋላቸው ጣራው ላይ ቢስክሌት የታሰረበት ሚኒባስ ይከተላል። ደጋፊዎች ግማሽ አካላቸውን በመስኮት አውጥተው ይጨፍራሉ፤ ሾፌሩም እንደ ሠርግ አጃቢ አደባባዩን ደጋግሞ ይዞራል። በሠርግ አጃቢ የተማረረው የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ሌላ ሠርግ መጣበት ማለት ነው።

ይህን ስንል ስፖርቱን ጠልተን አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጎዳና ቢስክሌት ሻምፒዮና በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተካሂዷል። የኪጋሊ ዳገት ከኛ ዳገት ብዙ የሚለይ አይደለምና የኮልፌ ልጅ ያንን አይቶ «እኔስ?» ቢል ደስ ይለናል። በከተማችንም ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ ጎዳናዎች ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ ሲሆኑ አይተናል፤ ከዚያም ወዲህ ለቢስክሌት የተለየ መስመር የተሠራላቸው ጎዳናዎች አሉ። ቢስክሌት ጭስ የለውም፤ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ደመወዙ ለወር ለማይበቃው ጸሐፊ የታክሲ ወጪ ያድናል። ነገራችን ከቢስክሌቱ ሳይሆን ከነጂው ጠባይ ነው።

አንድ ነገር እናስብ። ለውድድር የሚዘጋው ጎዳና የማን ነው? የተወዳዳሪው አይደለም፤ የፌዴሬሽኑም አይደለም። የሕዝብ ነው። ውድድር ሲኖር ሕዝቡ መንገዱን ለጥቂት ሰዓት ያውሳል። ባለታክሲው የእሑድ ገቢው ይጎድልበታል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት እናት በሌላ መንገድ ይዞራሉ፤ ቀብር ያለበት ለቀስተኛ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ይህን ሁሉ የሚታገሡት «ልጆቻችን ናቸው፤ ይሩጡ፤ ያሸንፉ» ብለው ነው።

የውሰት ዕቃ ሥርዓት እንዳለው ደግሞ ከእድር ተምረናል። የእድሩን ድንኳን ወስዶ ቀዳዶ፣ ድስቱን አጥቁሮ የሚመልስ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ዳኛው ፊት ሲቀርብ የሚጠብቀው ፊት ይታወቃል። ድንኳኑንም የሚነፈገው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤቱም በርሱ ዳፋ ይጠየቃል። ተወዳዳሪውም ወደ ውድድር ሲሄድና ሲመለስ የሠፈሩን ሰው ሲጋፋና ሲሳደብ ከዋለ፣ ለሚቀጥለው እሑድ መንገዱን በደስታ የሚያውሰው ማነው?

ነገሩ የስድብና የግልምጫ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እናልፈው ነበር። ነገር ግን የሰው ሕይወት አለበት። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መንዳት ለለመደ ተወዳዳሪ ምንም አይደለም። ይህም በሴኮንድ 11 ሜትር ያህል መጓዝ ነው። ከገበያ ሸክም ይዘው የሚመለሱ አንዲት አሮጊት 7 ሜትር ስፋት ያለውን አስፋልት ለመሻገር ቢያንስ 7 ሴኮንድ ይፈጅባቸዋል። በዚያች ጊዜ ቢስክሌቱ 78 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ አሮጊቷ ቀና ብለው ሲያዩ «ገና ሩቅ ነው» ያሉት ቢስክሌት መካከል ሳይደርሱ አጠገባቸው ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን የሚወስደው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ደግሞ ተማሪዎች ከፊዚክስ መምህራችሁ ሰምታችኋል።

በዚህ ላይ ቢስክሌት ድምፅ የለውም። የኛ ሰው መንገድ የሚሻገረው በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጆሮውም ጭምር ነው። የመኪና ሞተር ሲሰማ ይቆማል፤ ካልሰማ ይራመዳል። በአጠና ተራ አካባቢ ሸክም፣ አህያና ጋሪ ተደባልቆ በሚተራመስበት ስፍራ፣ ወይም በቀለበት መንገድ ላይ መሻገሪያው ርቆበት የመሐሉን አጥር ዘሎ የሚያልፍ ሰው በማይጠፋበት ቦታ፣ ድምፅ አልባ ሆኖ የሚበር ነገር ምን ሊያደርስ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም።

«እናንተ ደግሞ! ሰው የሚገድለው መኪና ነው እንጂ ቢስክሌት ነው ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት አለው። በ2010 ዓ.ም. ብቻ በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ የሞቱት ከ400 በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ እግረኞች ነበሩ፤ የዚህም ዋናው ተጠያቂ ባለመኪናው ነው። ዳሩ ግን ቢስክሌተኛው ከማንም ይልቅ ይህን ማወቅ የሚገባው ሰው ነው። ትልቅ መኪና ክንዱን ታክኮ ሲያልፍ ምን ዓይነት ድንጋጤ እንደሚሰማው ያውቃል። እንግዲያው ለሕፃኑና ለአሮጊቷ ትልቁ መኪና እርሱ ራሱ መሆኑን ለምን ይረሳል?

የዓለም ሕግም ቢሆን ቢስክሌተኛውን ከእግረኛ ጋር አልቆጠረውም። በ1961 ዓ.ም. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ቢስክሌት የሚነዳውንም ሰው «ነጂ» ይለዋል፤ በሌላ ተሽከርካሪ መጎተትንም ይከለክለዋል። ይህ ክልከላ ያለ ምክንያት አልመጣም። አይሱዙው ለጉድጓድ ድንገት ፍሬን ቢይዝ፣ ጀርባውን ይዞ የሚጎተተው ልጅ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው፤ ቢወድቅም ከኋላ በሚመጣው መኪና ጎማ ሥር ነው። ዓለም አቀፉ የቢስክሌት ማኅበርም ቢሆን በ2013 ዓ.ም. ተወዳዳሪዎች ቁልቁለት ላይ ከኮርቻው ወርደው በቢስክሌቱ የላይኛው ብረት ላይ ተቀምጠው መንዳታቸውን አደገኛ ነው ብሎ ከልክሏል። የዓለም ታላላቅ ነጂዎች በተዘጋ መንገድ ላይ፣ ዳኛና ሐኪም እየተከተላቸው የተከለከሉትን ድፍረት የኛ ጎረምሳ ታክሲና አህያ በሞላበት መንገድ ላይ ቢሞክረው ምን ይባላል?

ደግሞም አለባበሱ ያማረውን ተወዳዳሪ ልጆች ያዩታል። ሳንቲም አጠራቅሞ ቢስክሌት በሰዓት ተከራይቶ የሚለማመደው የሠፈር ልጅ አስተማሪው ማነው? በመንገድ የሚያየው ተወዳዳሪ ነው። እርሱ በቀይ መብራት ካለፈ ልጁም ያልፋል፤ እርሱ ከአይሱዙ ጀርባ ከተንጠለጠለ ልጁም ይንጠለጠላል። ተወዳዳሪው በጉልበቱና በልምዱ ሊያመልጥ ይችላል፤ የአሥር ዓመቱ ልጅ ግን አያመልጥም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። ተወዳዳሪው ከቤቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይውጣ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! ገበያና ትምህርት ቤት ባለበት ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ደወል ይኑረው፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ አንድ በአንድ ይሰለፍ። ክለቦች ልጆቻቸውን በደቂቃና በሴኮንድ ብቻ አይመዝኗቸው፤ በመንገድ ላይ ጠባያቸውም ይጠይቋቸው። በአጃቢው ሚኒባስ ውስጥ የምትቀመጡ ደጋፊዎችም፣ ከመካከላችሁ ተማሪና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይጠፋምና፣ ሾፌሩን «በርታ፣ ንዳው!» ከማለት «ቀስ በል ወንድሜ፤ ውድድሩ አልቋል» ማለትን ልመዱ። ይህን የሚል አንድ ሰው ከተገኘ ሌላው መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል።

የኮልፌ ሰው መንገዱን ሲያውስ ክፍያ አልጠየቀም። በመንገዱ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል እንጂ። ላጨበጨበለት ሰው ፍሬን ይዞ ማሳለፍ ደግሞ ለተወዳዳሪ ከባድ ሥራ አይደለም።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ፣ በሰላም ሂዱ፤ በሰላም ግቡ።