ኮፈኑን የሚከፍት ባለቤት

በዚህ ገጽ ስለ ግጥምና ስለ ልቦለድ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ ግን ስለ አሮጌ ፒካፕ ጥገና ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ‹‹ይህ ደግሞ ወደ ድርሰት መንደር ምን አመጣው?›› የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። የምለው አንድ ነገር ነው፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው የመኪናውን ኮፈን ከፍቶ የሚያየውን በስሙ መጥራት፣ ቀላል ቀላሉንም ጥገና በገዛ እጁ መሥራት ይገባዋል። ይህን የምለው ገንዘብ ይቆጥብለታል ብዬ ብቻ አይደለም። የገዛ ንብረቱን የማያውቅ ሰው ስለ ንብረቱ ሌሎች የነገሩትን ሁሉ ለማመን የተገደደ ነው። በመኪናው የሚሳፈሩት ሰዎችም ሕይወታቸውን ለዚያ አለማወቅ አደራ ሰጥተው ነው የሚሄዱት።

የእኔዋ መኪና እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ባለ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ ‹‹ስሪ ኤል›› የሚባለው ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። ሃይሉክስ በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነበር፤ በአገራችንም የገጠሩን ኮረኮንች፣ የግንባታውን ሥራና የገበያውን ጭነት ሲሸከም መኖሩን ለመንገር ምስክር አያሻም። እኔን የሚማርከኝ ግን ከጥንካሬው ይልቅ ግልጽነቱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለውን ሞተር የሚያዝ ኮምፒዩተር የለም። ናፍጣው በሜካኒካል ፖምፓ ተገፍቶ ይረጫል፤ የታመቀው አየር ግለት ያቀጣጥለዋል፤ በቃ። ቁልፍና ካቻቢቴ የያዘ፣ ትዕግሥትም ያለው ሰው አብዛኛውን ክፍል በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ሊረዳው ይችላል።

ኮፈኑን የከፈተ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው ቋንቋ ነው። የጋራዥ አማርኛ በብዛት ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። ጣሊያን ኤርትራን በያዘባቸው ዐሥርት ዓመታት፣ ኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ዘመን ከመኪናው ጋር የዕቃው ስም አብሮ ገባ። ቴስታ ማለት ራስ ነው፤ ሞተሩን ከላይ የሚከድነው እርሱ ነውና። ኮፈን ሣጥን፣ ማርሚታ ድስት፣ ክሮቸራ መስቀል ማለት ነው። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው፤ የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበት ስለ ሆነ። ባሌስትራ ደግሞ የጥንት የቀስት መሣሪያ ስም ነው፤ ከፒካፑ የኋላ እግር ላይ የተደራረቡትን የጎበጡ ብረቶች ያየ ሰው ለምን እንዲህ እንደ ተባሉ ወዲያው ይገባዋል። እነዚህን ቃላት ወደ አማርኛ ያስገባቸው ምሁር ወይም የቋንቋ አካዳሚ አልነበረም። ያስገባቸው ዘይት የነካው እጅ ነው። እኛ ጸሐፊ ነን ባዮች ግን የገጸ ባሕርያችን መኪና ሲበላሽ ‹‹መኪናው ቆመ›› ከማለት ስንቶቻችን አለፍን? ምኑ እንደ ተበላሸ የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ ብርቅ ነው። ቃላቱ ሞልተዋል፤ የጎደለው ወደ እነርሱ ጠጋ ማለት ነው።

ለምን አልተጠጋንም? አንድ ቅዳሜ ከመኪናዬ ሥር ተኝቼ ክሮቸራውን ግራሶ ሳጠጣ ያዩኝ አንዲት ጎረቤታችን፣ ‹‹ምነው ልጄ! አንተን የመሰለ የተማረ ሰው! መካኒክ ጠፋ ወይስ ገንዘብ ቸገረህ?›› አሉኝ።

‹‹ሁለቱም አልጠፋም እትዬ፤ መኪናዬን ልወቃት ብዬ ነው›› አልኋቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው አለፉ። በክፋት አልነበረም፤ አዝነውልኝ ነው። ሐዘናቸው ግን ረጅም ታሪክ አለው። ብረት ቀጥቃጩን ‹‹ጠይብ››፣ ቆዳ አልፊውን ‹‹ፋቂ›› እያልን፣ ማረሻችንን ሠርቶ ያበላንን ሰው በቡዳነት ስናማ የኖርን ሕዝብ ነን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገር ግድ ሆኖባቸው ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አዲስ አበባ የደረሱትም በዚያው ዘመን መሆኑ ሁልጊዜ ያስገርመኛል። መኪናውን ተቀበልን፤ የአዋጁን መንፈስ ግን ልባችን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተቀበለውም። ስድቡ ቀንሶ ይሆናል። ‹‹የተማረ ሰው እጁን አያቆሽሽም›› የሚለው እምነት ግን በየቤታችን አለ። የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ የዘይት መለኪያው ዘንግ የት እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የዚህ እምነት ልጅ ነው።

አለማወቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ በምሳሌ ላሳይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ማርቆስ ስመለስ፣ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን በሚያወጣው ዳገት ላይ የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ተጠጋ። ቆሜ አቀዘቀዝኋት፤ ውኃ ጨምሬም ቀስ እያልሁ አዲስ አበባ ገባሁ። ያሳየሁት ጋራዥ ኮፈኑ እንደ ተከፈተ፣ ‹‹ጋሼ፣ የቴስታው ጋስኬት ተቃጥሏል፤ ቴስታው ይውረድ›› ሲል ፈረደ። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እነዚህ ሞተሮች ከልክ በላይ ሲግሉ ቴስታቸው ሊሰነጠቅ እንደሚችል የታወቀ ነው። ሆኖም ጋስኬት ሲቃጠል ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል። ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ይታያል፤ ወይም ውኃው ከዘይቱ ተቀላቅሎ ዘይቱ ማኪያቶ ይመስላል። በእኔዋ ላይ አንዱም አልነበረም። እኔም ‹‹ቴስታው ከመውረዱ በፊት ይህን እንይ›› ብዬ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ዞርሁ። ውስጡ ያለው ጎማ ደርቆ ግፊት መያዝ አቅቶት ኖሯል።

ክዳን ምን ያህል ነገር ነው ትሉ ይሆናል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ግን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የናፍጣው ሞተር ደግሞ በደህና ጊዜው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ነው የሚሠራው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ተመልከቱ! ደህና ክዳን ግን ግፊቱን አምቆ ውኃው የሚፈላበትን ሙቀት ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ለእኛ ለደገኞች ያች ትንሽ ክዳን የሞተር ሕይወት ናት። ክዳኗን ቀየርሁ፤ መኪናዬም ከዚያ ወዲህ ያንን ዳገት በሰላም ስትወጣ ኖራለች። መካኒኩ ሊያታልለኝ ፈልጎ ነበር አልልም። የምለው፣ ምልክቶቹን ባላውቅ ኖሮ አንድ ጥያቄ እንኳ ማንሣት አልችልም ነበር። የባለቤት ማወቅ መካኒኩን መተካት አይደለም፤ መጠየቅ መቻል ነው።

አበው ‹‹ሳይቃጠል በቅጠል›› ይላሉ። የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጥበብ ሁሉ በዚህ ተረት ውስጥ አለ። የሞተር ዘይትና የዘይት ፊልትሮ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሳህንና አንድ ሰዓት ብቻ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ከናፍጣው ጋር የሚመጣ ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ይዘቅጣል። ከታች ያለችውን መክፈቻ ላላ አድርጎ፣ ከላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ እየተጫኑ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ማፍሰስ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህ ካልተደረገ ውኃው ወደ ትልቁ ፖምፓ ይገባል። የፖምፓው ውስጠኛ ክፍሎች የሚለሰልሱት በዚያው በናፍጣው ስለ ሆነ ውኃ ሲያገኛቸው ይዝጋሉ፤ ይፋፋቃሉ። የአምስት ደቂቃ ስንፍና የፖምፓ ዋጋ ያስከፍላል።

ጥርስ ያለው የሞተሩ ቺንጊያም በ100,000 ኪሎ ሜትር መቀየር አለበት። በመንገድ ላይ ቢበጠስ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ከዚያ በኋላ ‹‹ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ›› ነው። በብዙዎቹ ሃይሉክሶች ዳሽቦርድ ላይ ይህን የምታስታውስ መብራት አለች። ነገር ግን መብራቷ የተቆጠረውን ኪሎ ሜትር እንጂ የቺንጊያውን ጤና አታውቅም። ከብዙ እጅ በኋላ መኪናውን የገዛ ሰው ቺንጊያው መቼ እንደ ተቀየረ ማስረጃ ከሌለው ቀይሮ ከራሱ ቢቆጥር ይሻለዋል። እኔ ለዚህ ብዬ አንድ ደብተር ከጋቢናው ውስጥ አኑሬአለሁ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የተቀየረው ዕቃ ይጻፍበታል። በሕይወቴ ከጻፍኋቸው ሁሉ እንደዚህ ደብተር የጠቀመኝ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ፍሬን። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ሸራውንም ዲስኩንም ያግላል፤ ግለቱም ወደ ፍሬን ዘይቱ ይተላለፋል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት የመምጠጥ ጠባይ አለው። ‹‹ዶት 3›› የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከመጠጠ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ተን ይፈጠራል፤ ዘይት ሲጫኑት አይታመቅም፤ ተን ግን ይታመቃል፤ ፔዳሉም ባዶውን ወለል ድረስ ይሰምጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ፍሬኑ ጠዋት ከቤት ሲወጣ ደህና ነበር! ለዚህ ነው ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ሊቀየር፣ ቁልቁለቱም በከባድ ማርሽ ሊወረድ የሚገባው። የፍሬን ዘይቱን ስቀይር የወንድሜ ልጅ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል። ‹‹ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!›› እያልሁ እኔ ከጎማው ሥር አየሩን አስወጣለሁ። ከጨረስን በኋላ ግን አንድ የማምነው መካኒክ እንዲያየው ሳላደርግ ረጅም መንገድ አልወጣም።

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ እጠብቃለሁ። አንደኛው ‹‹የመካኒኩን እንጀራ ትነጥቃለህ›› የሚል ነው። እኔ ግን በተቃራኒው አምናለሁ። ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ የሚጎዳው በሚያውቅ ደንበኛ ሳይሆን ጥሩውንና መጥፎውን ሥራ መለየት በማይችል ደንበኛ ነው። ዘይት ቀይሬ፣ ፊልትሮ አጽድቼ የፖምፓ ማስተካከያውን ለባለሙያው ስወስድለት ዋጋውን ሳልከራከር እከፍላለሁ፤ ምን ያህል ድካም እንዳለበት እጄ ያውቀዋልና።

ሁለተኛው ‹‹አደጋ አለው›› የሚል ነው። እውነት ነው። በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር መግባት ከሞት ጋር መጫወት ነው፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ሳያደርጉ ማንም አይግባ። የጋለ ራዲያተርም አይከፈትም። የናፍጣ ፖምፓን መክፈት የቤት ሥራ አይደለም። የእጅን ልክ ማወቅም ከሙያው ይቆጠራል።

ሦስተኛው ‹‹ዘመኑ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ዞሯል፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?›› የሚል ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳውቋል። ይህ ግን በመንገድ ላይ ያሉትን አሮጌ መኪኖች አላጠፋቸውም። ምትካቸው ሲወደድና ሲርቅ ዕድሜያቸው እንዲረዝም የሚፈልገው ሰው ይበዛል። አዲሱም መኪና ቢሆን ፍሬን አለው፤ ጎማ አለው፤ ኩሽኔታ አለው፤ ባለቤትም ያስፈልገዋል።

ተረታችን ‹‹ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም›› ይላል። ባለቤቱ ያልተጨነቀበትን ፍሬን ማንም አይጨነቅበትም። የእኔ ፒካፕ እህል ትጭናለች፤ የሰርግ ድንኳን ትጭናለች፤ የታመመ ሰው ወደ ሐኪም ቤት ይዛ የሄደችበት ሌሊትም አለ። ያን ሌሊት ከጎኔ የተቀመጠው ሰው ስለ ቺንጊያውም ስለ ዘይቱም አልጠየቀኝም፤ መጠየቅም አልነበረበትም። ስለ እርሱ ሆኜ አስቀድሜ መጠየቅ የእኔ ፈንታ ነበር።

እንግዲህ መኪና ያላችሁ ሁሉ፣ በመጪው ቅዳሜ ኮፈኑን ክፈቱ። ምንም ባትነኩ እንኳ እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ጠርታችሁ ዝጉት። ስሙን ያወቁትን ነገር ችላ ማለት አይቀልም።

ቸር ያሰንብተን።