ከመዝገብ ቤት የወጣ ዜማ

በጅቡቲ ከተማ ከቀትር በኋላ ያለው ሰዓት የጸጥታ ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት ደርሶ ተከፋፍሏል፤ ሱቆች ተዘግተዋል፤ የፀሐዩም ብርታት ሰውን ሁሉ ወደ ጥላ አስገብቶታል። እንዲህ ባለው ሰዓት ከቤተ ሰባችን ጋር ተቀምጠን ሳለን፣ ታላቂቱ ልጃችን ከስልኳ አንድ ዘፈን አሰማችን። ዘፈኑን ያወቅነው መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በደኅና አላወቅነውም ኖሯል። ስለዚህ ስሕተታችንን ለማረም ስንል የዛሬውን ዓምዳችንን ለዚሁ ሙዚቃ ሰጥተነዋል።

የሙዚቃው ጓድ ስም «ካትር ማርስ» ይባላል፤ ትርጓሜውም በፈረንሳይኛ «ማርች አራት» ማለት ነው። ጅቡቲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጁን 27 ቀን 1977 ነፃነቷን ከተቀዳጀች በኋላ፣ በፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የሚመራው ፓርቲ የተመሠረተው በማርች 4 ቀን 1979፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1971 ዓ.ም. ነበር። ጓዱ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቀን ነው። ዘፋኞቹ፣ የመሣሪያ ተጫዋቾቹ፣ ተወዛዋዦቹና ተዋንያኑ ሲደመሩ ቁጥራቸው ወደ 40 ይጠጋ ነበር። የተሰጣቸውም ሥራ አዲስ ለተወለደችው አገር ሰላምን፣ አንድነትንና የአገር ፍቅርን በዜማ ማስተማር ነበር።

እንግዲህ የእኛ ንቀት የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። እኛ በልጅነታችን በሚስዮን ትምህርት ቤት ከሃርሞኒየም አጠገብ ቆመን ስንዘምር፣ ድምፅ ሁሉ በየመስመሩ ተለይቶ ካልተሰማ ዜማ አይባልም ተብለን አድገናል። ወደ መንግሥት ሥራ ከገባንም ወዲህ በበዓል ቀን በትእዛዝ የሚዘፈነውን ዘፈን ብዙ ሰምተናል። ስለዚህ «የፓርቲ የሙዚቃ ጓድ» ሲባል፣ ከደብዳቤ ራስጌ ላይ እንደሚታተመው ማኅተም ያለ፣ ሁሉ የሚያየው ግን ማንም የማያነበው ነገር ይመስለን ነበር።

አሁን ያደመጥነው አልበም በ2021 በውጭ አገር የታተመ ነው። አሳታሚው ኦስቲናቶ የተባለው የሸክላ ድርጅት ሲሆን፣ የአልበሙም ርእስ በአማርኛ ሲመለስ «ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የመጡ ድንቅ የሶማሊ ድምፆች» ማለት ይሆናል። ዘፈኖቹ የተመረጡት ከጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መዝገብ ቤት፣ ከድሮ የቴፕ ሪሎች ላይ ነው። በ1992 በወጣው ሕገ መንግሥት ከአንድ ፓርቲ በላይ ተፈቅዷል፤ ጓዱ የተወለደበትም ዘመን አልፏል። ከዚህ የተነሣ ይህ አልበም ለእኛ የተሰማን፣ አንድ ሰው ሞቶ ከዓመታት በኋላ እንደሚከፈት የኑዛዜ ቃል ነው።

በውስጡ ያለውን ሀብት በጥቂቱ እንመልከት። መጀመሪያ ጆሮን የሚይዘው የጊታሩ አመታት ነው። ጊታሩ ከበሮው በሚወድቅበት ቦታ ላይ አይወድቅም፤ በሁለቱ ምት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቸብ እያለ ይሄዳል። ይህን የሰማ ወጣት ወዲያው «ይህማ የጃማይካ ሬጌ ነው» ይላል፤ የእኛም ልጅ ያለችው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ሶማሌዎች ዳንቶ የሚሉት የቆየ የባላገር ጭፈራ አላቸው፤ አካሄዱም የግመል እርምጃ ነው ይባላል። ስለዚህ እንግዳ የመሰለን ምት ከደጃፋችን በረሃ የበቀለ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የነፋስ መሣሪያዎቹ ነገር ነው። ሳክስፎኖቹ በኅብረት ሲነሡ የካርቱምን የሙዚቃ ጓዶች ያስታውሳሉ። ከእነርሱም በላይ ሲንተሳይዘር የተባለው የኤሌክትሪክ መሣሪያ እየተንቀጠቀጠ ይገባል፤ የዘፋኞቹም ጉሮሮ በሕንድ ፊልም እንደምንሰማው ዓይነት ድምፅን አንጠልጥሎ ያዞራል። ይህ ሁሉ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲገናኝ ግርግር መሆን ይገባው ነበር፤ ግን አልሆነም። ምክንያቱም ሶማሌው፣ ሱዳኑና የእኛ አገር ዘፋኝ ሁሉም የሚያዜሙት በአምስት ድምፅ ቅኝት ስለሆነ፣ እንግዳው መሣሪያ ሁሉ ከዚያ ቅኝት ውስጥ እንደ ቤተ ሰብ ይገባል። ወደብ ላይ የሚኖር ሕዝብ የመጣለትን ዕቃ ሁሉ በራሱ ሚዛን እንደሚመዝን፣ ይህም ጓድ የመጣለትን ድምፅ ሁሉ በራሱ ቅኝት መዘነው።

ቃላቱም ለቋንቋ ተማሪ ይጠቅማሉ። ከዘፈኖቹ አንዱ «ዱልካ ሆዮ» ይባላል፤ «ዱል» ምድር፣ «ሆዮ» እናት ነው። እኛ በአማርኛ «እናት አገር» እንደምንለው መሆኑ ነው። ደጋግሞ የሚሰማው «ነበድ» የተባለው ቃል ደግሞ ሰላም ማለት ነው፤ በሶማልኛ ሰላምታም የሚሰጠው በዚሁ ቃል ነው። ይህን ያህል ከተረዱ በኋላ ዘፈኑን የሚያደምጡ ሰዎች፣ ትእዛዝ የመሰላቸው ነገር ምኞት እንደ ነበረ ይገነዘባሉ።

ጉድለት የለበትም አንልም። የድሮው ሪል ድምፅ አንዳንድ ቦታ ላይ ደብዘዝ ይላል፤ ምስጋናውም አልፎ አልፎ ይረዝማል። ይሁን እንጂ ለዓላማ የታዘዘ ጥበብ ከአዛዡ ዓላማ በላይ ሊያድግ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላገኘንም።

ዜማው ከግድግዳው አልፎ ሲሰማ፣ ቀድሞ በምድር ባቡር ይሠሩ የነበሩና አማርኛውን ከእኛ አሳምረው የሚናገሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ከደጃፉ ቆሙ። «አባባ፣ ይግቡ እንጂ» ብንላቸው ገብተው ተቀመጡ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም አንድ ቃል አልተናገሩም። በኋላ ግን «ልጄ፣ ያን ጊዜ ንግግሩ እስኪያልቅ እንታገሥ የነበረው ይህን ለመስማት ነው። ንግግሩን ረሳነው፤ ይህ ግን አልወጣልንም» አሉን። ብዙ ንግግር ጽፈን ላስነበብነው ለእኛ ይህ ቃል ቀላል አልነበረም።

በመጨረሻም ስለ መዝገብ ቤቱ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «መዝገብ» ስንል የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን የተከማቸውንም ውድ ነገር ማለታችን ነው። በሐርጌሳ በ1988 ከተማዪቱ በቦምብ ስትደበደብ፣ የሬዲዮው የሙዚቃ ቴፖች ከጥፋት የዳኑት ከመሬት ውስጥ ተቀብረው ነው። የእኛም አገር የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ዘመናዊ ዜማ በዓለም የታወቀው ከ1997 ጀምሮ በፓሪስ «ኤትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ ዲስኮች መታተም ከያዘ ወዲህ ነው። በጅቡቲ ግን በሺህ የሚቆጠሩት ሪሎች በመደርደሪያቸው ላይ እንዳሉ ቆዩ። ይህም የሆነው ስማቸው በአልበም ሽፋን ላይ የማይጻፍ ሠራተኞች በዚህ ሙቀትና በዚህ የጨው ነፋስ ውስጥ ሪሉን እያራገፉ፣ ቁጥር እየሰጡ፣ ወደ ቦታው እየመለሱ ስለኖሩ ነው።

ስለዚህ መዝገብ ቤት የምትሠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ዛሬ «ማን ይጠይቀዋል» ብላችሁ ልትጥሉት ያሰባችሁትን ሣጥን አንድ ጊዜ ክፈቱት። ሌሎቻችሁም አልበሙን ፈልጋችሁ ከቀትር በኋላ ከልጆቻችሁ ጋር አድምጡት። የበሩን መጋረጃ ግን ገለጥ አድርጋችሁ ተዉት፤ ምናልባት ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ይመጣሉና።